ድንኳን ያልተተከለለት በሽታ

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ማብቂያ ላይ ስልክ የደወለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የለመደውን የጥሪ ድምፅ አልነበረም። ኢትዮ ቴሌኮም በጥሪው ቦታ የኮሮና መልእክት አስገብቶ ነበር፤ እጅዎን ይታጠቡ፣ አይጨባበጡ፣ ርቀትዎን ይጠብቁ። ከአምቦ ጉደር የሽንኩርት ዋጋ ሊጠይቅ የደወለው ነጋዴ፣ ከጊንጪ አዲስ አበባ ላለች ልጁ የደወለው አባት፣ ከጌዶ ባኮ እህል ጭኖ የሚሄደውን ሾፌር የፈለገው ደላላ ሁሉም ይህንኑ ሰማ። በቀን አስር ጊዜ የደወለ አስር ጊዜ ሰማ። ብዙም ሳይቆይ ሰዉ መልእክቱን በቃሉ ያዘው፤ ከዚያ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ከጆሮው አርቆ መጠበቅ ለመደ።

ነገሩ የመጣው በጥድፊያ ነው። መጋቢት 4 ቀን ከቡርኪና ፋሶ በመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ላይ ቫይረሱ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተሰማ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፣ መጨባበጥ በሕግ ተከለከለ፣ በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ይኑር ተባለ፣ ተሽከርካሪው በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። ለመቶ ዓመታት ማንም ባለሥልጣን ነክቶት የማያውቀው የሰላምታ ወግ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአዋጅ ጉዳይ ሆነ።

ይህ ምዕራፍ የሚያነሳው ጉዳይ አንድ ነው። ሰዉ የተነገረውን ሰምቷል፣ ገብቶታልም። ታዲያ አንዱን ምክር ተቀብሎ ሌላውን የተወው ለምንድን ነው? በጊዜው በየስብሰባው የሚሰጠው መልስ «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ነበር። እኔ ይህን መልስ ብዙም አልወደውም። መልሱን የሚሰጠው ሰው ራሱ ከስብሰባው ሲወጣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ትሪ ላይ ሲበላ ይታይ ነበርና።

የግንዛቤን ነገር ቶሎ እንዝጋው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተነገረ ገና ሳምንት ባለፈው ጊዜ፣ ከመጋቢት 11 እስከ 15 ቀን 2012፣ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለመጡ 247 ሰዎች ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። አብዛኞቹ የበሽታውን ዋና ዋና ምልክቶች ያውቁ ነበር። ከመቶው 77ቱ ያህል እጃቸውን ደጋግመው እንደሚታጠቡ ተናገሩ፤ መጨባበጥ ማቆማቸውን የተናገሩት ግን ከመቶው 54 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ምክሮች የመጡት ከአንድ አፍ፣ በአንድ ቀን፣ ስለ አንድ በሽታ ነው። መታጠብ ውሃ ይፈልጋል፣ ሳሙና ይፈልጋል፣ ገንዘብም ያስወጣል። አለመጨባበጥ ምንም አያስወጣም። ርካሹ ምክር ከውዱ ያነሰ ተቀባይ ማግኘቱ ግር የሚለው ዋጋን በብር ብቻ ለሚያሰላ ሰው ነው።

የአምቦን የቅዳሜ ገበያ እንይ። አንዲት ሴት ጉሊት ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። ከጎኗ ሳሙና አለ፤ ማስኳም አለ፣ አገጯ ላይ። ከጀልዱ በኩል እህል ይዘው የመጡ የአባቷ ዘመድ የሆኑ ሽማግሌ ከሩቅ ያዩዋትና እየሳቁ እጃቸውን ዘርግተው ይመጣሉ። ሴትዮዋ ክንዷን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አድርጋ ራሷን ዝቅ ብታደርግ፣ አዋጁን አክብራለች። ሽማግሌው ግን «ምነው ልጄ፣ እጄ ቆሸሸብሽ?» ይሏታል፤ ባይሏትም በልባቸው ይሉታል። ዕለቱን ሳይመሽ ወሬው ጀልዱ ይደርሳል። ነገ ልጇን ስትድር፣ ከነገ ወዲያ ስታዝን፣ መሬቱ ላይ ክርክር ሲነሳ ሽማግሌ ሆነው የሚቆሙላት እኚህ ሰው ናቸው። በአንድ በኩል ይይዘኛል ወይም አይይዘኝም የማይባል በሽታ አለ፤ በሌላው በኩል እርግጠኛ የሆነ ቅያሜ። እጇን ዘረጋች። እጇን በኋላ ታጥባዋለች፤ ቅያሜውን ግን በምን ታጥበዋለች?

እጅ መታጠብ ማንንም አያስቀይምም። እንዲያውም በእኛ ቤት እንግዳን ማስታጠብ አክብሮት ስለሆነ፣ በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለው ጄሪካንና ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ያለ ክርክር ገባ። ከሆለታ ጀምሮ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር ዋናውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው በዚያ ሰሞን በየምግብ ቤቱና በየባንኩ ደጅ በርሜል ያይ ነበር። ችግሩ በርሜሉ ውስጥ ነው። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የጋራ ግምት፣ ወረርሽኙ ሲገባ ቤታቸው ውስጥ ውሃና ሳሙና አንድ ላይ ያለው የእጅ መታጠቢያ የነበራቸው ኢትዮጵያውያን ከመቶው 8 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አምቦ ድሮ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ፍል ውሃዋ ሰው ከሩቅ ለፈውስ የሚመጣባት፣ የማዕድን ውሃዋ በጠርሙስ አገሩን ያዳረሰ ከተማ ናት። ሆኖም ጠዋት ቧንቧውን ከፍቶ አየር ብቻ ሲወጣ ያየ ነዋሪን ይህ ዝና እጁን አያስታጥበውም። ስለዚህ በርሜሉ በመጀመሪያው ወር ሞላ፣ በሦስተኛው ጎደለ፣ በኋላ ላይ እንደ ጌጥ ቆመ።

*

ሰዎች አደጋን እንዴት እንደሚመዝኑ ከሚያጠኑት ጽንሰ ሐሳቦች ታዋቂው የተወለደው ከአንድ ግራ መጋባት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መባቻ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት ራጅ የጫኑ መኪናዎችን በየሰፈሩ ላከ። ምርመራው ነፃ ነው፣ ቦታው ቅርብ ነው፣ ጊዜም አይፈጅም። ብዙ ሰው ግን አልመጣም። ጎድፍሬይ ሆክባውም የተባለው ተመራማሪ ነገሩን ሲያጠና፣ በሽታው ሊይዘኝ ይችላል ብለው ከሚያምኑና ምርመራውም ይጠቅመኛል ከሚሉ ሰዎች መካከል ከመቶው 82ቱ ራጅ ተነስተው አገኘ። ሁለቱንም ከማያምኑት የተነሱት 21 ብቻ ናቸው። ከዚህ ተነስተው እሱና ባልደረቦቹ የጤና እምነት ሞዴል የሚባለውን ሠሩ፤ ሰው እርምጃ የሚወስደው «ይይዘኛል»፣ «ከያዘኝም ይጎዳኛል»፣ «ይህን ባደርግ ይጠቅመኛል» ሲልና መሰናክሉ ከጥቅሙ ሲያንስበት ነው ይላል። በወረርሽኙ ጊዜ በኢትዮጵያ ከተሞች የተበተኑት መጠይቆች ብዙዎቹ በዚሁ መልክ የተቀረጹ ናቸው።

ሞዴሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰውን ለብቻው አስቀምጦ ነው የሚያየው። አምቦ ላይ «ይይዘኛል ወይ?» ብሎ ለራሱ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ጥያቄው «ሰው ምን ይለኛል?» ከሚለው ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው።

መጠይቁን ራሱንም ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ወረቀት ይዞ ግቢ ይገባል። እማወራዋ ወንበር ያወጡለታል፤ ጊዜው ደህና ቢሆን ቡናም ያፈሉለት ነበር። «እማማ፣ ከቤት ሲወጡ ማስክ ያደርጋሉ?» ይላቸዋል። የተማረ ልጅ እስከዚህ ድረስ ለፍቶ መጥቶ «አላደርግም» ብሎ ማሳፈር ከየት የመጣ ነውር ነው? «አዎ ልጄ፣ መቼም ማድረግ ነው» ይላሉ። ወጣቱ «አዎ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋል። እዚህ ላይ የዋሸ የለም። እሳቸው ያሉት «ማድረግ ተገቢ ነው» ነበር፤ ወረቀቱ የያዘው ግን «አደርጋለሁ» የሚለውን ነው። ሰዎች ስለ ራሳቸው በተናገሩት ላይ ብቻ የቆመ አሃዝ ባየሁ ቁጥር ይህ ግቢ ይታየኛል፤ ከላይ ያነሳሁት የጅማው ቁጥርም ከዚህ አያመልጥም። እንዲያውም 54ቱ ውስጥ ሽማግሌ ገጥሟቸው እጃቸውን የዘረጉ ስንት እንደሚሆኑ መገመት አያቅትም።

*

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ፖል ስሎቪክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተራው ሰው አደጋን የሚለካው እንደ ባለሙያው በሟች ቁጥር እንዳልሆነ አሳይቷል። የሚያስደነግጠው አዲስነቱ፣ አለመታየቱ፣ ከቁጥጥር ውጭ መሆኑ ነው። ኮሮና ሦስቱንም አሟልቶ ገባ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል ዋጋቸው ጣራ ነካ። ፌጦና ጤናዳም ያልቀመሰ፣ ዳማከሴ ያላሸተተ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። አረቄ ቤቱም «ጉሮሮ ላይ ይገድለዋል» እያለ ደንበኛውን አበረታታ። በዚያው መጋቢት መንግሥት ራሱ የአገር በቀል መድኃኒት ምርምር ተስፋ ሰጪ ደረጃ ላይ መድረሱን በይፋ ሲናገር፣ ብዙ ሰው የሰማው «እየተመረመረ ነው» የሚለውን ሳይሆን «ተገኘ» የሚለውን ነው።

ፍርሃት ሁልጊዜ ፊት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ፊት የውጭ አገር ሰው ሆነ፤ መጋቢት 9 ቀን የአሜሪካ ኤምባሲ በውጭ ዜጎች ላይ «ኮሮና» እያሉ መጮህና መተናኮል መብዛቱን ጠቅሶ ዜጎቹን አስጠነቀቀ። ቀጥሎ ከጅቡቲ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ተፈሩ። አምቦ ባለችበት በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ደግሞ ተረኛው ፊት የአዲስ አበባ ሰው ነበር። አምቦ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ የለመደ ሰው የሞላባት። ለፋሲካ ወደ ቤተሰቡ የሚመጣ ልጅ የሚናፈቅም የሚፈራም ሆነ። እናት በስልክ «አትምጣ» ትላለች፤ ከመጣ ደግሞ አቅፋ ትስመዋለች። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 የዋለው ፋሲካ ምእመናን ያልሞሉባቸው አብያተ ክርስቲያናት የታዩበት ነው። በየሙሉ ወንጌሉና በየመካነ ኢየሱሱም ወንበሮች ባዶ ሆኑ፤ ስብከቱ ወደ ቴሌቪዥን ገባ።

«ፈጣሪ ያውቃል» የሚለውን አባባል ብዙ ተመራማሪ የመዘናጋት ምልክት አድርጎ ይመዘግበዋል። እኔ እንደማየው ይህ ፍርድ ጥድፊያ ነው። ይህን የሚል ሰው ልጁ ሲታመም ሐኪም ቤት ይወስዳል፣ በባኮ ቆላ የሚኖር ከሆነ አጎበር ይዘረጋል። አባባሉ የሚመጣው የሚቻለው ሁሉ ተደርጎ ካለቀ በኋላ፣ ወይም የሚደረግ ነገር እንደሌለ ሲታወቅ ነው። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው «ቤትዎ ይቆዩ» ሲባል ምን ይመልስ? ማታ ልጆቹ የሚበሉትን ያመጣለት ሰው የለም። «ፈጣሪ ያውቃል» ብሎ ወጣ። ቢችል ይቀር ነበር።

*

በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ቁጥሩን ይፋ ያደርጉ ነበር። ይህን ያህል ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተገኘበት፣ ይህን ያህል አረፈ። የተገኘበት ሰው ቁጥር በግንቦት ከ1,000 አለፈ፣ በሰኔ ወደ 6,000 ተጠጋ። ቁጥር ግን ዘመድ የለውም። በአምቦ ሞት የሚታወቀው በድንኳን ነው። እድሩ ጥሩምባ ያስነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፤ በመንገዱ ያለፈ ሁሉ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል። ወረርሽኝ መጣ ከተባለ ድንኳን መብዛት አለበት። ሰዉ ጠበቀ። ድንኳኑ አልበዛም።

ይህ መለኪያ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር የገባው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ቀባሪ ጠፋ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ በማቃጠል ኅዳር የሚታጠነው ለዚያ መታሰቢያ ነው። ከአያት የወረደው የወረርሽኝ ሥዕል ይህ ነው፤ ወረርሽኝ ሲገባ የማያውቅ አይኖርም። ኮሮና በዚህ መስፈርት ሲለካ ወደቀ።

መለኪያው ግን ለዚህ በሽታ አልሠራም። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሠራተኞች ደም ሲመረመር፣ በነሐሴ 2012 ከመቶው 11 በሚሆኑት የቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶ ነበር፤ በየካቲት 2013 ይኸው ቁጥር ከ53 አለፈ። በጅማ ዙሪያ ባሉ ገጠሮች እንኳ በመጋቢት 2013 ከመቶው ወደ 31 ደርሷል። ይህ ማለት በሽታው «የለም» እየተባለ በሚሊዮኖች ሰውነት ውስጥ አልፏል ማለት ነው። ድንኳን ያልበዛው የሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ስለሆነና ወጣቱን ቫይረሱ ብዙ ጊዜ በጉንፋን መልክ ስለሚያልፈው ነው። የሞቱት አዛውንቶች ደግሞ ቤታቸው ሞቱ። «ሳንባ ምች ነው»፣ «ደም ግፊቱ ነው»፣ «ዕድሜም ነው» ተባለ። ድንኳን ተተከለላቸው፤ ድንኳኑ ላይ የበሽታው ስም አልነበረም።

ስሙ እንዳይጠራ የሚፈለግበትም ምክንያት ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ሰው ተገኘበት ማለት አምቡላንስ በር ላይ ቆሞ፣ ቤተሰቡ ለይቶ ማቆያ ገብቶ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰፈሩ በጣት እየጠቆመ መኖር ማለት ነበር። ከተቀበሩም በኋላ ለቀስተኛ ማን ይመጣል? በነፃ ስልክ 8335 ወይም በኦሮሚያው 6955 ደውሎ «ሳል አለብኝ» የሚል ሰው በራሱ ላይ ሊመሰክር እንደተጠራ ያህል ይሰማው ነበር። በምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ ጊዜ ይህ በደንብ ታይቷል። ሬሳ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ያለ ጸሎት ሲወሰድ ሰዉ የታመመ ዘመዱን ደበቀ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን አሻሽሎ ቤተሰብና የሃይማኖት አባት የሚገኙበት፣ ክብር ያለው ቀብር ይሁን ሲል መደበቁ እየቀነሰ ሄደ። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ በመመሪያ ሳይሆን በራሳቸው የጀመሩት አንዳንድ እድሮች ናቸው። ድንኳን መትከሉን ትተው ለሐዘንተኛው ገንዘቡን በእጁ ሰጡ፣ ለቀስተኛው ደጅ ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ እንዲያልፍ ወሰኑ። እድሩ ሲወስን ማንም በማንም አይቀየምም። የጉሊቷ ሴትዮ ያጣችው ይህን ነበር፤ እምቢታዋን የሚሸከምላት አካል።

*

አሁን ወደ አምቦ የራሷ ጉዳይ እንምጣ፤ ይህን ሳያነሱ ስለ አምቦ ሰው የአደጋ ስሜት መጻፍ ባዶ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 2012 ምርጫ ቦርድ በነሐሴ ሊደረግ የታሰበው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት እንደማይካሄድ ገለጸ። ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥት ሥልጣን እንዲራዘም ወሰነ። የምርጫው መራዘም ትክክለኛ ምክንያት ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው የዚህ መጽሐፍ ጉዳይ አይደለም። በ2008 የተቃውሞው እሳት ከተጫረባት ከጊንጪ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ በማትርቅ ከተማ ግን፣ ስለ በሽታው የሚናገረውና ስለ ሥልጣኑ የሚናገረው አንድ አካል ሆነ። «ኮሮና ፖለቲካ ነው» የሚለው ወሬ ሥር የያዘው እዚህ ላይ ነው። ስሎቪክ በሌላ ጽሑፉ መተማመን ለመገንባት ዓመታት፣ ለመፍረስ ግን አንድ ክስተት እንደሚበቃው ጽፏል። በምዕራብ ሸዋ ሊፈርስ የሚችል ብዙ መተማመን መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

ሰኔ 22 ሌሊት ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። የአምቦ ልጅ ነበር። ሰኔ 25 በአምቦ ተቀበረ። በእነዚያ ቀናት በከተማዋም በሌሎች የኦሮሚያ ቦታዎችም የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። የዕለቱን የኮሮና ቁጥር በፌስቡክና በቴሌግራም ያገኝ የነበረው ወጣት የሚያየው ነገር አጣ። ቢያይስ? ልጁ ጥይት እንዳያገኘው በር ዘግታ የምታድር እናት ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ብትባል ምን ትመልሳለች? አደጋ በሰው ልብ ውስጥ ወረፋ ይይዛል። በዚያ ክረምት በአምቦ ኮሮና ከወረፋው መጨረሻ ላይ ነበረ፤ ከጥይት በኋላ፣ ከእስር በኋላ፣ ከጤፍ ዋጋ በኋላ፣ በቆላው ደግሞ ከወባ በኋላ። ባለሙያው ይህን «ዝቅተኛ የአደጋ ግንዛቤ» ብሎ መዝግቦታል። እኔ የወረፋው አያያዝ ላይ ስህተት አላይም። የሚያሳዝነው፣ በአገር ደረጃ ከፍተኛ የሚባል የሕመምተኛ ቁጥር መመዝገብ የጀመረው ልክ ከዚያ ቀጥሎ፣ በነሐሴ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ የቀረው ጥንቃቄ ማስክ ሲሆን፣ እሱም የሚደረገው በሽታውን ሳይሆን ፖሊሱን ተፈርቶ ነበር። ባጃጅ ላይ ማስኩ የሚሰቀለው መስታወቱ ላይ ነበር። ኬላው ሲቃረብ ሾፌሩ ያነሳዋል፣ ተሳፋሪውም ከኪሱ ያወጣል፣ ያልያዘው ነጠላውን ጎተት አድርጎ አፉ ላይ ያደርጋል። ኬላው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። መናኸሪያም እንዲሁ ነበር። መኪናው በግማሽ ጭነትና በእጥፍ ታሪፍ ይወጣል፤ ከከተማው ሲርቅ ትርፍ ይጭናል፤ ታሪፉ ግን እጥፍ እንደሆነ ይቀራል። ተሳፋሪው ከዚህ የተማረው ርቀት መጠበቅ ማለት ሁለት እጥፍ መክፈል መሆኑን ነው።

*

ክትባቱ የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው፤ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ። መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተነገረ ልክ በዓመቱ፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። ዕድሉ ሆኖ በዚያው ሳምንት ዴንማርክና ኖርዌይ ከደም መርጋት ጋር በተያያዘ ይህንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ፤ ጀርመንና ፈረንሳይ ተከተሉ። ዜናው ከክትባቱ ቀድሞ አምቦ ገባ። በላዩ ላይ 666 ነው የሚለው፣ መካን ያደርጋል የሚለው ተጨመረበት። የጤና ባለሙያዎች ራሳቸው ያመነቱበት ክትባት ነበር፤ ሐኪሙ ያልተከተበውን ገበሬው እንዴት ይከተብ?

በ2014 ግን ነገሩ ተለወጠ። ሰዉ ስለ ክትባቱ ያለውን ሐሳብ ስለቀየረ አይመስለኝም፤ ክትባቱ መንገዱን ስለቀየረ ነው። በዘመቻ ወጥቶ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ገበያው፣ ወደ ግቢው መጣ። ይዛው የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ይህች ልጅ የቤቱን ሕፃናት ለኩፍኝ የከተበች፣ የእናትየውን እርግዝና የተከታተለች፣ መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ እያለች ለዓመታት የጨቀጨቀች ናት። የማን ልጅ እንደሆነች ይታወቃል። ቀዝቃዛ ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ በር ላይ ስትቆም ወንበር ይወጣላታል።

«አዴ፣ የኮሮናውን ክትባት ይዤ መጥቻለሁ።»

«እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ኮሮና ምን ያደርገኛል? እሱስ አለ እንዴ አሁንም?»

«አለ እንጂ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አልመጣብዎትም።»

«ከማን ቤት ጀመርሽ?»

«ከእነ አበራሽ። ሁሉም ወስደዋል።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በኋላ ጎረቤት ለምን እንደተከተቡ ሲጠይቃቸው የሚሰጡት መልስ ስለ ቫይረሱ አይደለም። «በዚህ ፀሐይ እዚህ ድረስ መጥታ እንዴት እምቢ እላታለሁ?» ነው የሚሉት። በጉሊቱ ገበያ ሽንኩርት ሻጯን እጇን ያስዘረጋት ይሉኝታ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ክንድ አስዘረጋ። አንዱን ጊዜ ለቫይረሱ አገለገለ፤ ሌላውን ጊዜ ለክትባቱ።

አስትራዜኒካ ግን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ነበር። ለሁለተኛው ዶዝ ቀን ጠብቆ፣ ወረቀቱን ፈልጎ፣ ባጃጅ ከፍሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ሲመጣ፣ የሚያሳፍረው ሰው በር ላይ የለም። በዘመቻው አንድ ጊዜ የሚሰጠው የጆንሰን ክትባት የበለጠ የተመቸው ለዚህ ነው፤ ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሳለች ያልቃል።